አፑ ይሠራል፣ አምፖሉ ግን አይሠራም

«ሲስተም የለም» የምትለዋን አባባል ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተቱ «ነገ ተመለስ» ይባሉ ነበር። እኛ ደግሞ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ቃሉ ዘመነ እንጂ ባለጉዳዩ ያኔም አሁንም ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ዛሬ መሣሪያ ዘምኖ ልማድ ሳይዘምን ሲቀር ምን እንደሚሆን ልጽፍ ፈልጌያለሁ። ባንኮችንና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ለሌላ ቀን ልተዋቸው። የማነሳው ኃይል የሚሸጡልንን ትንንሽ ድርጅቶች ነው፤ የሶላር መብራት የሚያከፋፍለውን ሱቅ፣ ፓኔል የሚተክለውን አምስትና ስድስት ሠራተኛ ያለውን ኩባንያ፣ በየከተማው መግቢያ ያለችውን ማደያ። እነዚህ ድርጅቶች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወደ ስልካችን ገብተዋል። እንከፍላቸዋለን፣ መልእክት ይልኩልናል፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል አላቸው። አምፖሉ የጠፋ ዕለት ግን ማን ይመልስልናል?

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከዋናው መስመር ውጪ በሆኑ መንገዶች ለመድረስ ነበር። ያ 35 በመቶ በአብዛኛው ሶላር ማለት ነው። ሶላሩን ገጠር ድረስ ተሸክሞ የሚወስደው፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው፣ ሲበላሽ የሚጠራው ደግሞ በብዛት ትንሽ የግል ድርጅት ነው። ስለዚህ የእነዚህ ድርጅቶች የውስጥ ባህል የባለቤቶቹ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ሌሊት በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ጉዳይም ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን እናንሳ፤ ነዳጅ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት ወር ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ብር የታቀፈ ነዳጅ ቀጂ እናይ የነበርን ሰዎች አሁን ስልክ ይዞ የሚቆም ቀጂ እናያለን። ለውጡ ጥቅም የለውም አልልም። ማታ ላይ ብር ሲቆጠር የሚጎድል ሂሳብ ቀርቷል፤ የማደያው ባለቤት አዲስ አበባ ተቀምጦ ይርጋጨፌ ስንት ሊትር እንደተሸጠ ያውቃል።

ታዲያ ለምንድን ነው በየገጠር ከተማው ዳር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ የምናየው? የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ሹፌሮች መልሱን ያውቁታል። «አልቋል» ከተባለበት ማደያ ጥቂት ሜትር አለፍ ብሎ ቤንዚኑ በእጥፍ ዋጋ ይገኛል። የነዳጅ እጥረቱ የራሱ ምክንያቶች አሉት፤ የውጭ ምንዛሪውም፣ የማመላለሻውም፣ የኮንትሮባንዱም። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ላቁም። የክፍያ ሥርዓቱ የሚመዘግበው የተቀዳለትን ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ ሳይቀዳ የተመለሰው ሰው የትም አይመዘገብም። በመዝገቡ ላይ እሱ አልመጣም፤ አልተሰለፈም፤ የለም።

ብዙ ድርጅት «ዲጂታል ሆንን» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወደ እሱ የሚመጣውን ገንዘብ ይቆጥራል፤ ከእሱ የሚጠበቀውን አገልግሎት ግን አይቆጥርም። ቴክኖሎጂው ሁለቱንም መቁጠር ይችላል። የትኛው እንዲቆጠር የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ ውሳኔው የሚመጣውም ከድርጅቱ ባህል ነው።

አሁን ወደ ሶላሩ እንምጣ። ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ አዲስ አሠራር ተፈጠረ። ሙሉ ዋጋውን መክፈል የማይችል ሰው የሶላር መብራቱን በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል፣ ቀሪውን ቀስ እያለ በስልኩ ይከፍላል። ሲከፍል መሣሪያው ይከፈታል፣ ሳይከፍል ሲቀር ይቆለፋል። ኤም-ኮፓ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ መንገድ ገበያ ገብቶ ስሙን አስጠራ። እኛ ዘንድ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ ለዚህ ዓይነቱ ንግድ በሩ ሰፋ። አሠራሩ ብልህ ነው፤ አንድ ገበሬ ለጋዝና ለባትሪ ድንጋይ ያወጣው የነበረውን ብር መሣሪያ ወደ መግዛት ያዞርለታል።

ይህን አሠራር ይዘን ዱመርሶ እንውረድ። ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ ያለች፣ ስሟ ከቡናዋ ጋር በውጭ አገር ከረጢት ላይ ሳይቀር የሚጻፍ ቀበሌ ናት። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተደነቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው፣ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው መኖራቸው። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል። ቤቱም እዚያው ጥላ ውስጥ ነው።

ለቡናው በረከት የሆነው ጥላ ለሶላር ፓኔል ፈተና ነው። ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ጥግ ላይ ጥላ ሲያርፍ የሚቀንሰው ኃይል ከጥላው ስፋት ይበልጣል። አንድ የእንሰት ቅጠል ፓኔሉ ላይ ቢያዘነብል ማታ የሚበራው ሰዓት ሊያጥር ይችላል። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። ጌዴኦ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘንብበት፣ ደመናው ቶሎ የማይገለጥ አገር ነው።

ዲላ ውስጥ ለአንድ ትንሽ የሶላር ድርጅት የሚሠራ ወጣት ቴክኒሻን አውቃለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እሱም እንጀራው ነው። «ዱመርሶ አካባቢ ያለውን ፓኔል ለመትከል ረዘም ያለ ምሰሶ ያስፈልጋል» ይለኛል። «ጣሪያው ላይ ከቸነከርነው ከዓመት በኋላ ቅርንጫፉ ይሸፍነዋል። ግን ሁሉም ቤት የሚሰጠኝ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ምሰሶ የለውም።»

ለአለቆችህ ነግረሃቸዋል ወይ ስለው ሳቀ። ሪፖርት የሚያደርገው በአፕ ነው። አፑ ላይ የደንበኛው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የመሣሪያው ቁጥር፣ ፎቶ አለ። መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። «ጥላ አለ» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ የለም። የድርጅቱ ቴሌግራም ግሩፕ አለ አይደል? አለ። እዚያ ላይ የሚለጠፈው ግን ደንበኛው ዕቃውን ይዞ ፈገግ ያለበት ፎቶ ነው፤ ሥሩ ላይ የጭብጨባ ምልክት ይደረደራል። «እዚያ ላይ ችግር ብጽፍ ተስፋ አስቆራጭ እባላለሁ» አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። ጌዴኦ ውስጥ የገበሬው ገንዘብ የሚመጣው በቡና ወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ጥር ባለው ጊዜ ቀይ ቡናው ይለቀማል፣ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይሄዳል፣ ብር ቤት ይገባል። ክረምቱ ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ እንሰቱ ሆድን ይሞላል እንጂ ቴሌብር ላይ ብር አይሞላም። ዋናው ቢሮ የተቀረጸው የክፍያ ፕሮግራም ግን በየሠላሳ ቀኑ እኩል ይጠይቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሣሪያዎቹ ይቆለፋሉ። በአፑ ላይ ገበሬው «የማይከፍል ደንበኛ» ተብሎ በቀይ ይጻፋል። ያው ገበሬ ኅዳር ላይ ቢጠየቅ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ሊከፍል ይችል ነበር።

ይህን ቴክኒሻኑ ያውቃል። ዕቃውን የሸጠው ኤጀንትም ያውቃል። የማያውቀው ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው። ዕውቀቱ ድርጅቱ ውስጥ አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ ነው የሌለው።

ለምን አይወጣም? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

የመጀመሪያው ሰው የሚከፈለው በምን እንደሆነ ነው። ኤጀንቱ ኮሚሽን የሚያገኘው ሲሸጥ ነው። ከስድስት ወር በኋላ መብራቱ በራ አልበራ ኪሱን አይነካውም። እንዲህ ያለ ሰው ጥላ ያለበት ቤት ላይ ቆሞ «እዚህ አይሆንም» ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠብቅም። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለበት።

ሁለተኛው አስተዳደጋችን ነው። ለታላቅ መታዘዝ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ብዙዎቻችን መታዘዝን ከዝምታ ጋር ደባልቀን ነው የተማርነው። አለቃ ፊት መጥፎ ዜና ይዞ መቅረብ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ ባለቤቱ አለቃም ነው፣ ገንዘብ ያዥም ነው፣ አንዳንዴም አጎት ነው። አጎትህን «ያመጣኸው ዕቃ ለዚህ አገር አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት አለን፤ እንተርተዋለን፣ ቢሮ ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

ሦስተኛው ሥልጣን ነው። መረጃን አንቆ የያዘ ሰው ተፈላጊ ሆኖ ይኖራል። በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ እውነተኛው ሂሳብ ዛሬም አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር ላይ ነው። አፑ ለለጋሾችና ለባንክ ይታያል፤ ደብተሩ ሥራውን ይሠራል። የአፑን የይለፍ ቃል ደግሞ አራት ሰው በጋራ ይጠቀምበታል። ስህተት ሲገኝ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ የማይታወቀውም ለሁሉም ስለሚመች ነው።

እዚህ ላይ የባለቤቶቹንም ወገን ልያዝ፤ ካልያዝኩ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ፓኔሉም ባትሪውም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ የሚያስፈልገው ብር በእጅጉ ጨመረ፤ ገበሬው ጋ የተፈረመው የክፍያ ውል ግን በድሮው ዋጋ ነው። አንድ ቴክኒሻን ሦስት ወረዳ ይሸፍናል፤ ለአንድ አምፖል ብሎ ዱመርሶ ድረስ ቢመላለስ የመንገዱ ወጪ ከአምፖሉ ይበልጣል። «ቅሬታ ሁሉ ቢመዘገብ መልስ የምሰጥበት አቅም የለኝም» የሚል ባለቤት ውሸቱን አይደለም።

ግን እስቲ ሌላውን ወገን እንየው። ቅሬታው ስላልተመዘገበ ጠፍቷል? አልጠፋም። ክፍያ ማቆም ሆኖ ይመለሳል። መብራቱ የማይሠራለት ገበሬ ለቢሮ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ዝም ብሎ መክፈሉን ያቆማል። ለጎረቤቱም ይነግራል። ባለቤቱ አፑ ላይ የሚያየው «ያልተከፈለ» የሚል ቁጥር ነው፤ ሰዎቹ አጭበርባሪ ይመስሉታል፤ ሰብሳቢ ይልካል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይኼው ነው። የማርገብገቢያ ያህል ቀላል የነበረው ጥገና ወደ ኪሳራ ያድጋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሞቢሶል የተባለው የጀርመን ድርጅት በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳና በኬንያ በስልክ ክፍያ የሶላር መሣሪያ ሲያከፋፍል በዘርፉ ከታወቁት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ዕዳውን መክፈል እንደማይችል አሳወቀ፤ በኋላም ኤንጂ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። በስልክ ክፍያ መሰብሰብ ብቻውን ድርጅትን እንደማያቆም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል እዚሁ አገራችን ውስጥ ስማርት ስልክ ገጠር ሳይገባ የተሠራ ነገር አለ። በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል መንደር የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ በርካታ የቤት ውስጥ የሶላር መብራቶችን ተከለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የተከላው ብዛት አይደለም። ተጠቃሚው በየወሩ ትንሽ ይከፍል ነበር፤ ክፍያው ለጥገና ይውላል። እዚያው መንደር ውስጥ የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ። ስለዚህ መብራት የጠፋበት ሰው የሚሄድበት ቤት፣ የሚያውቀው ፊት ነበረው። አፕ አልነበረም። «የወርኃዊ ክፍያዬ ምን ሠራ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ነበር።

ጌዴኦም ከሌላ ቦታ መዋስ ሳያስፈልገው የራሱ መንገድ አለው፤ ሶንጎ። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳይ የሚሰሙበት፣ የተበደለ ሰው ቆሞ የሚናገርበት የጌዴኦ ሸንጎ ነው። ያለፈውን ሁሉ አሞካሽቼ መጻፍ አልፈልግም፤ በባህላዊ ሸንጎ ሁሉም ሰው እኩል ድምፅ አለው ብዬም አልከራከርም። ግን አንድ ትልቅ ነገር አለው። ቅሬታ እዚያ ሲቀርብ ነውር አይሆንም፤ ሸንጎው የተቀመጠው ለዚሁ ነውና። ቅሬታ ያለው ሰው «ተስፋ አስቆራጭ» አይባልም። ዲላ ያለ ድርጅት በወር አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞቹን አስቀምጦ «በዚህ ወር ምን አልሠራም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚናገረውም ከሁሉ በታች ያለው ቴክኒሻን ቢሆን፣ ይህ ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ስኒ ቡና። እሱም የይርጋጨፌ ነው፤ አገሩ ላይ ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ቴክኖሎጂው ይግባ። ያኔ የምር ይጠቅማል።

ክፍያ ስንፈጽም ወዲያው የማረጋገጫ ቁጥር ይደርሰናል። ብልሽት ስናመለክትም እንደዚያው ቁጥር ይድረሰን። መቼ እንዳመለከትን፣ መቼ እንደተጠገነ ይጻፍ። ይህ ከባድ ፕሮግራም አይፈልግም፤ ክፍያውን የሚመዘግበው ስልክ ይችለዋል።

የኤጀንቱ ኮሚሽን ይከፈል፤ ግን ከፊሉ ከስድስት ወር በኋላ፣ መብራቱ አሁንም እየሠራ ከሆነ ይሁን። ያኔ ኤጀንቱ ራሱ «ምሰሶ ስጡኝ» ብሎ ይጨቃጨቃል። የቴክኒሻኑ አፕ ላይም «ተጠናቋል» ከሚለው ቁልፍ ጎን «ችግር አለ» የሚል ይጨመር፤ እሱን የነካ ሰው እንዳይቀጣ ባለቤቱ በግልጽ ይናገር።

ለጌዴኦ ደንበኛ የክፍያ ጊዜው በቡናው ይሁን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በዛ ብሎ፣ ክረምት ላይ ቀለል ብሎ። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ በአንድ ሳምንት የሚያስተካክለው ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው ቡና መቼ እንደሚለቀም የሚነግረው ሰው ነው። የይለፍ ቃልም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን። ይህ ለመሰለል አይደለም፤ በደንብ የሠራውም ሥራው በስሙ እንዲታይለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት። ብዙዎቻችሁ የእነዚህ ድርጅቶች ደንበኛ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃችሁ እዚያው ውስጥ ትሠራላችሁ፤ ለወላጆቻችሁም የሶላሩን ክፍያ በስልክ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። እናታችሁ «መብራቱ እኮ ከጠፋ ሰነበተ» ስትላችሁ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ መሳደብ ይቀላል፤ ለአንድ ቀን ያበርዳል፤ አምፖሉን ግን አያበራም። ለድርጅቱ ደውሉ፣ ስታመለክቱ ቀኑን ጻፉ፣ «የቅሬታ ቁጥሬን ስጡኝ» በሉ። የለንም ካሉ «ታዲያ ለክፍያው እንዴት ኖራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በትህትና ጠይቁ፤ ግን መልስ ሳታገኙ አትዝጉ።

ድርጅቱ ውስጥ ላላችሁት ደግሞ ሥራችሁን አደጋ ላይ ጣሉ አልልም። እኔ የእናንተን የቤት ኪራይ አልከፍልም። ግን ያያችሁትን ጻፉት። የትኛው ቤት ላይ ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ባትሪ ቶሎ እንደሞተ፣ በየትኛው ወር ሰው መክፈል እንዳቃተው በቁጥር ያዙት። ብቻችሁን ከመናገር ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ተናገሩ። «ዕቃው አይረባም» ከሚል ሰው ይልቅ «ከሃያ ቤት ዘጠኙ ላይ ጥላ አለ፣ ምሰሶ ቢኖር ይድናል» የሚል ሰው ይደመጣል። ባለቤቱም ብልህ ከሆነ ያ ወረቀት ከየትኛውም አማካሪ ሪፖርት በላይ እንደሚጠቅመው ይገባዋል።

ለባለቤቶቹ ያለኝ ቃል አጭር ነው። ዲጂታል መሆናችሁን በባነር አትንገሩን። ዱመርሶ ያለች አንዲት እማወራ መብራቷ ማክሰኞ ጠፍቶ ሐሙስ ከተጠገነላት እኛው እንነግራችኋለን፤ ጎረቤቶቿም ቀሪውን ክፍያቸውን ያለ ሰብሳቢ ይከፍላሉ።